የሌለውን ንስር የሚፈሩ ወፎች

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ስልኬ ሲጠራ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። ቁጥሩን አላውቀውም። የማላውቀውን ስልክ አላነሣም፤ የማውቀውንም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጠርቶ እስኪያበቃ እጠብቅና በጽሑፍ ነው የምመልሰው። ያን ቀን ግን ከቁጥሩ ሥር ኒውዚላንድ የሚል ስላየሁ፣ ወንድሜ ስልክ ቀይሮ ይሆናል ብዬ አነሣሁት።

የደወለችው ፖሊስ ነበረች። መጀመሪያ ብቻዬን መሆኔን ጠየቀችኝ። ከዚያ ቁጭ እንድል ለመነችኝ። ወንድሜ «ዛሬ እሑድ ሲነጋጋ» ከጓደኛው ጋር ወንዝ ሲሻገር ውሃ እንደወሰደው፣ ጓደኛው እንደተረፈ፣ የእሱን አስከሬን ግን ወረድ ብሎ ካለ ድንጋያማ ዳርቻ ላይ እንዳገኙት ነገረችኝ። ሌሊቱን ተራራው ላይ ዘንቦ ስለነበር ወንዙ ሳይሞላ ለመሻገር ነበር በማለዳ የተነሡት። ስልኩን መንገድ ዳር ባቆመው መኪና ውስጥ ትቶት ሄዷል፤ አሁን እነሱ ጣቢያ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ለአደጋ ጊዜ እንዲጠራ የጻፈው ስም የእኔን ነው።

ከተናገረችው ሁሉ መጀመሪያ የያዘኝ «እሑድ» የሚለው ነው። እኛ ጋ፣ ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ፣ ገና ቅዳሜ ነበር። ጎረቤቶቻችን የገና መብራት ጣሪያቸው ላይ እየሰቀሉ ነበር። ወንድሜ የሞተው እኛ ገና ባልደረስንበት ቀን ነው። ልብሱን ይዤ እንደተቀመጥኩ፣ እሑድ ካልመጣ በእሑድ የሞተ ሰው የለም እያልኩ ለራሴ ስከራከር እንደነበር አስታውሳለሁ።

ከዚያ ለአጎቴ ደወልኩ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዳላስ ውስጥ ሰው በማመላለስ ይሠራል። እኔ ደውዬ ስለማላውቅ ሲያነሣ ደንግጦ ነበር።

«ምን ሆንሽ? መኪና ተጋጨሽ?»

ነገርኩት። መኪናውን ዳር ሲያሲዝ፣ ከኋላው ጥሩምባ ሲነፋበት ይሰማኛል። አለቀሰ። ትንሽ ቆይቶ ግን ድምፁ ተለወጠ፤ የታላቅ ሰው ድምፅ ሆነ።

«እትዬ ሰምታለች?»

«ሥራ ላይ ናት።»

«ጎሽ። እንዳትነግሪያት፣ ሰማሽ? መርዶ ለማታ አይሆንም። ሌሊቱን ምን ትሁን? እኔ የንስሐ አባታችንን አናግራለሁ፤ የዕድሩን ሰዎች እሰበስባለሁ። ነገ ጎሕ ሲቀድ እንመጣለን። አንቺ ዛሬን ብቻ ያዢልኝ።»

«ጋሼ፣ ፊቴ ያስታውቃል።»

«ያንቺ ፊት? ያንቺ ፊት ድሮስ መቼ ተናግሮ ያውቃል!» አለና በራሱ ቀልድ ደንግጦ እንደገና አለቀሰ። «ስልኳን ውሰጂባት። ዋይፋዩ ተበላሽቷል በያት። ፌስቡክ ላይ አንዱ ነፍስ ይማር ብሎ ቢለጥፍ ጉድ ነው።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ይቀለኛል።

ግን አጎቴ የማያውቀው፣ ወይም የረሳው፣ አንድ ነገር ነበር። አባታችን የሞተው እኛ ልጆች ሆነን አዲስ አበባ ሳለን ነው፤ እሱ ለሥራ በሄደበት አገር። እናቴ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አታወራም። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመርዶው በፊት በነበረው ማታ ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ እየመጡ ቤቷ ተቀመጡ። እሷ ሰው ስለሞላላት ደስ ብሏት ተረብ ስትወረውር፣ ስታስቃቸው አመሸች። «ሁሉም ያውቁ ነበር» ትላለች። «እኔ መሐላቸው ቁጭ ብዬ እስቃለሁ። ሐዘኑን እግዜር አቀለለልኝ፤ ያ ሳቄ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።»

ስለዚህ ያን ቅዳሜ ከፊቴ የነበረው ምርጫ ግልጽ ነው። ከነገርኳት፣ ሌሊቱን የምታልፈው ስልክ እንኳ ማንሣት ከምትፈራ ልጅ ጋር ብቻዋን ነው። ካልነገርኳት ደግሞ እናቴ ሁለተኛ ጊዜ፣ በሚያውቅ ሰው ፊት ልትስቅ ነው።

የምትስቅ መሆኗን አውቅ ነበር፤ ምክንያቱም ቅዳሜ የወንድሜ ቀን ነው።

ወንድሜ ቴክሳስ ሥነ ምድር ተምሮ ለሁለተኛ ዲግሪ ኒውዚላንድ ሄደ፤ እዚያው ሥራ ያዘና ቀረ። እናቴ አገሪቱን ካርታ ላይ ስታያት «ልጄን ከዓለም ጫፍ ላይ አስቀመጡት» ነበር ያለችው። በቪዲዮ ሲያወራት ታለቅሳለች። ስለዚህ ሌላ መላ ዘየደ። በየሳምንቱ ካለበት ቦታ ሆኖ ድምፁን ቀድቶ ይልካል፤ እኛ ቅዳሜ ማታ እናቴ ከሥራ ስትገባ አብረን እንሰማለን። ሳልሰማ እጠብቃታለሁ። ብቻዬን መስማት የሰው ምግብ ቀድሞ እንደ መቅመስ ይመስለኛል።

ያንን አገር በዓይኔ አላየሁትም፤ በጆሮዬ ግን አውቀዋለሁ። የሰመጠ አህጉር ጫፍ ነው ይል ነበር። አብዛኛው ምድር ባሕር ውስጥ ገብቶ የቀረው ተራራው ብቻ ነው። በደቡቡ ደሴት ምድሩ በቁመቱ ተሰንጥቋል፤ ሁለቱ ወገን እየተገፋፋ ተራሮቹን ወደ ላይ ያወጣል፤ ዝናቡና ወንዙ ደግሞ እያፈረሰ ወደ ባሕር ያወርዳቸዋል። «እዚህ ምድሩ ገና እየተሠራ ነው» ይለኝ ነበር። «እናንተ ያላችሁት ግን የደረቀ ባሕር ወለል ላይ ነው። የዳላስን ነጭ ድንጋይ ስበሪው፣ ዛጎል ታገኛለሽ።» አንድ ቀን መንገድ ሲቆፈር አንድ ቁራጭ አንሥቼ ሰበርኩት። እውነቱን ነበር።

ስለ እንስሳቱ ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ይላል። ሰው ሳይደርስባት በፊት በዚያች አገር ከሌሊት ወፍ በቀር በምድሯ ላይ የሚያጠባ እንስሳ አልነበረም።

«እባብስ?» ብላ መለሰችለት እናቴ አንድ ጊዜ።

«እባብ የለም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ገነት ነው በለኛ!»

«መርከብ እስኪመጣ ገነት ነበር።»

በምድር ላይ የሚያሳድዳቸው ስላልነበረ ብዙዎቹ ወፎች መብረር ተዉ። ከመሐላቸው ከሰው የሚረዝሙ ነበሩ፤ ሰው በልቶ ጨረሳቸው። እነሱን የሚያድን ግዙፍ ንስር ነበር፤ እነሱ ሲያልቁ እሱም አለቀ። አይጥና ሌሎች ትንንሽ ሥጋ በሎች በመርከብ ገብተው የተረፈውን ለቀሙት። ካካፖ የምትባል መብረር የማትችል አረንጓዴ በቀቀን አለች፤ በሌሊት ነው የምትንቀሳቀሰው። ፍርሃት ሲመጣባት አትሸሽም፤ ባለችበት ድርቅ ትላለች። ንስር ከላይ ሆኖ የሚያየው የሚንቀሳቀሰውን ነዋ። ንስሩ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! እሷ ግን ዛሬም ድርቅ ትላለች፤ ሽታ ተከትሎ የሚያድን አውሬ ደግሞ መጥቶ ይበላታል። «የሌለ ንስር ትፈራለች» አለ። «አንቺን ነው የምትመስለው። ስልክ ሲጠራ እንደምትሆኚው።»

ቁጥቋጦዎችም አሉ፤ ቅርንጫፋቸው እንደ ተዘበራረቀ ሽቦ እርስ በርሱ የተያያዘ፣ ቅጠላቸው ውስጥ የተደበቀ። አንዳንዶች እንደሚሉት እንደዚያ የሆኑት ከእነዚያ ረጃጅም ወፎች አፍ ለመዳን ነው። ወፎቹ የሉም፤ ቁጥቋጦዎቹ ግን ዛሬም ይከላከላሉ። ይህን የሰማሁ ሳምንት ሥራ ቦታዬ፣ ፕሌኖ፣ በመስተዋት ሕንፃዎቹ መሐል ስሄድ ምድሩ ሁሉ የሌሉ ነገሮችን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ መሸትሸት ሲል ገባች። ኤርፖርት ጽዳት ነው የምትሠራው፤ እግሯ አብጧል። የገና ጾም ስለነበር ሽሮ ሠርቼ ጠበቅኳት።

«አንቺ ሽሮ ሠራሽ? ዛሬ በረዶ ይጥላል!» አለች። ቀመሰችና «ጨው የት ሄደ?» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና «ነይ፣ ልጄን አሰሚኝ» አለችኝ።

ዋይፋዩ ተበላሽቷል ልላት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መልእክቱ ከትናንት ጀምሮ ስልኬ ላይ ነበር፤ እሱ ሲያወራ የሚሰማበት ሌላ ቅዳሜ ደግሞ አይመጣም። ልነጥቃት አልቻልኩም። ተጫንኩት።

መጀመሪያ የጉጉት ድምፅ ነበር። እዚያ አገር ትንሽ ጉጉት አለች፤ ሁለት ጊዜ ትጠራና ዝም ትላለች።

«በስመ አብ! ያቺ ሟርተኛ አሁንም አለች?» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ጉጉቷን ስሚያትና ተሳደቢ፤ እጠብቅሻለሁ» አለ ወንድሜ፤ ያውቃታል። ትንሽ ዝም ብሎ ጠበቀ። እናቴ ሳቀች።

«ሶ፣ ሊነጋ ነው። ወንዝ ዳር ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ወደ ተራራው ልንወጣ ነው፤ ነገ እንመለሳለን። ይሄ ወንዝ፣ እማዬ፣ አንድ ወንዝ አይደለም። ሰፊ የግራጫ ድንጋይ ሜዳ አለ፤ ውሃው በዚያ ላይ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ነው የሚወርደው። አንቺ የሠራሽው ነው የሚመስለው። ዝናብ ሲዘንብ ግን ሌሊቱን ሹሩባው ይፈታና ጠዋት በሌላ መሥመር ተሠርቶ ይገኛል። ትናንት የተሻገርሽበትን ዛሬ አታገኚውም።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፣ መንቁሯ ወደ ቀኝ የተጣመመ። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አይደለም፤ ወደ ጎን! እሷን የመሰለ ሌላ ወፍ የለም ይላሉ። ድንጋይ ሥር ያለውን ትል የምታወጣበት ነው። እንቁላሏን እዚሁ ድንጋዩ መሐል ትጥላለች፤ ከድንጋይ አይለይም። ስራመድ እንዳልረግጥባት እፈራለሁ።»

ከዚያ የተራራ በቀቀን ነገር ተረከ። መኪናውን አቁሞ ሻይ ሊጠጣ ሲቀመጥ አንዱ ወፍ መጥቶ የመስተዋት መጥረጊያውን ላስቲክ መዞ አወጣና፣ ሳይሸሽ እዚያው ቆሞ ዓይን ዓይኑን አየው። «ደረሰኝ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው!»

እናቴ ሳቀች። እንደፈራሁት ሳቀች፤ ጉልበቷን እየመታች፣ ዕንባዋን በመሀረብ እየጠረገች። «ሌባ! ሌባ ወፍ! ድገሚልኝ እስቲ!»

ደገምኩላት። እንደገና ሳቀች። እኔ ድርቅ ብዬ ተቀምጫለሁ።

«አንቺ ደግሞ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ወንድምሽ እኮ ነው፤ ሳቂ!»

«ራሴን አሞኝ ነው።»

«ኮምፒውተር ነው የሚያሳምምሽ» አለችና «በይ ቅጂኝ» አለች። መልስ ሳትልክ አትተኛም።

የራሷን ስልክ አፏ አጠገብ ያዝኩላት። ከሩቅ ለሚሰማ ሰው እንደሚጮኽ ጮኻ ነው የምታወራው።

«ልጄ! ደህና ነህ? እኛ ደህና ነን። እህትህ ሽሮ ሠራች፤ ጨው ረሳች። ስማኝ፣ ያንን ወንዝ በድልድይ ተሻገር። ድልድይ ከሌለ ቅር። ምን ያጣድፍሃል? ያቺን ወፍም እንዳትረግጣት፤ እናት ናት። ድንጋይ ማየቱን ተውና ደግሞ ሚስት ፈልግ። እመቤቴ ትከተልህ። አሜን በል።»

«አሜን» የሚልበትን ያህል ዝም አለች፤ እሱ ለጉጉቷ እንዳደረገው። ከዚያ ላክሁት። አንድ ምልክት ታየ። ወዲያው ሁለት ሆነ፤ ደርሷል ማለት ነው። አንድ ጣቢያ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ስልኩ በርቶ ይሆናል። እዚያ ጠራራ ቀን ነው። የማያውቁት ሰዎች በቋንቋችን የተጻፈ «እማዬ» የሚል ስም ሲበራ ያዩ ይሆናል።

እናቴ ዳዊቷን ደግማ ተኛች። ስልኳን ይዤ መውጣቴን እንኳ ልብ አላለችውም።

እሑድ እኛም ጋ መጣ።

አልተኛሁም ነበርና እናቴ ስትነሣ ሰማኋት። እሑድ ቅዳሴ ስለማይቀርባት ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ የማታውን ሰሃን ታጥባለች፤ ውሃው እየፈሰሰ፣ መዝሙር ለራሷ እያንጎራጎረች። ሳሎን ቆሜ ሳያት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። የበሩ ደወል ላይ ያለው ካሜራ ነው። አጎቴ ራሱ ነው የገጠመልን፤ ደጅ የሚላክልን ዕቃ እየተሰረቀ ሲያስቸግረን። በር ላይ ሰው ሲቆም ያሳያል፤ ያሰማልም። ይህን የገጠመው ሰው ረስቶታል።

አጎቴ፣ አባ፣ የዕድሩ ሊቀመንበርና እናቴን የሚያውቁ ሁለት ሴቶች በጨለማው ቆመዋል። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። የሚንሾካሾኩ ይመስላቸዋል።

«መኪናህን የት ፓርክ አደረግህ?»

«ጥጉ ላይ፤ እንዳታየው።»

«አባ፣ እርስዎ ይጀምሩ።»

«ወንድሟ አንተ ነህ። ጀምር፤ እኔ እደግፍሃለሁ።»

«አልችልም አባ።»

«እናንተ ቀስ በሉ፣ ትሰማለች!» አለች አንደኛዋ ሴት። «እንዲህ እናድርግ። መጀመሪያ እንደ እንግዳ ገብተን ቁጭ እንበል። ትንሽ እናጫውታት፣ ልቧ ይረጋጋ። ከዚያ ነው።»

ትንሽ እናጫውታት። ይህን ስሰማ የእናቴ የድሮ ቤት ታየኝ፤ ሰው ሞልቶ፣ እሷ መሐላቸው ስትስቅ። ክፋት አልነበራቸውም። የዚያን ጊዜዎቹም ክፋት አልነበራቸውም።

ስልኩ ላይ መናገሪያውን ተጭኜ «ጋሼ፣ እባካችሁ ትንሽ ጠብቁ» አልኩ።

ድምፄ ከግድግዳው ሲወጣ ሁሉም ወደ ኋላ ዘለሉ። አባ መስቀላቸውን ወደ ደወሉ ዘረጉ።

«በስመ አብ! ማነው?»

«እኔ ነኝ። ካሜራው ነው።»

አጎቴ ፊቱን አስጠግቶ፣ አፍንጫው ገዝፎ ታየ። «ምን ልታደርጊ ነው? ልጅ አይነግርም! እንዲህ አይደረግም!»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ወደ ኩሽና ገባሁና ቧንቧውን ዘጋሁ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ሆንሽ አንቺ? ገና ሳሙናውን አላለቀለቅሁትም።»

እርጥብ እጆቿን ያዝኳቸው። ሌሊቱን ሙሉ የመረጥኳቸው ለስላሳ ቃላት አንዱም አልመጣልኝም።

«እማዬ፣ ትናንት ከኒውዚላንድ ተደውሎልኝ ነበር። ወንድሜ ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወሰደው። ሞቷል።»

አየችኝ። ከዚያ የጠየቀችኝ እንዴት ወይም የት የሚለውን አልነበረም።

«ማታ ስስቅ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሌላስ ማን ያውቃል?»

«ጋሼና አባ። ሌሎችም አሉ፤ በር ላይ ናቸው። ሳይገቡ እንድታውቂ ብዬ ነው።»

አንገቷን ነቀነቀች። ይቅርታ ይሁን ወቀሳ አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም። እጆቿን ከእጆቼ አውጥታ በነጠላዋ አደረቀች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ወገቧ ላይ አሠረች፤ ከዚያ ወደ ወለሉ ተንሸራተተች። ስትወርድ አብሬያት ወረድኩ። ወለሉ ላይ ተቀምጠን የመጀመሪያውን ጩኸት ደረቴ ላይ ጮኸችው፤ ከእኔ በቀር ማንም ሳያያት። በሩ ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ዝም አልኩት። ራሷ ቀና ብላ «በቃ፣ ይግቡ» ስትለኝ ተነሥቼ በሩን ከፈትኩላቸው።